ለአንባቢሽ የእምቢታ ቦታ ተዪለት

ልጄ፣ እንግሊዝኛሽ ጥሩ ነው። ይህን የምልሽ ላስደስትሽ ብዬ አይደለም፤ የላክሽልኝን ሁለት ደብዳቤዎች ቁጭ ብዬ ደጋግሜ አንብቤያቸው ነው። ግሶችሽ ጊዜያቸውን ጠብቀዋል፣ ቃላትሽም አያንሱም። ግን አንዱን ለእንግሊዛዊው የዩኒቨርሲቲ መምህርሽ፣ ሌላውን ለልምምድ ብለሽ ለማታውቂው ቤት አከራይ ጽፈሽ ሳለ፣ ስማቸውን ብሸፍነው የትኛው ለማን እንደሆነ መለየት ይቸግረኝ ነበር። ሁለቱም ለአንድ መዝገብ ቤት የገቡ ማመልከቻዎች ይመስላሉ። የሚቀርሽ ሥራ ያለው እዚህ ላይ ነውና የሰዋስው መጽሐፉን ለጊዜው አስቀምጪውና ስለ ደብዳቤ እናውራ።

ዕድሜዬን ሙሉ እንግሊዝኛ ሳስተምር ጀማሪው የሚቸገርበትንና የበረታው የሚቸገርበትን ለይቼ አውቃለሁ። ጀማሪው ዓረፍተ ነገሩን ለማቆም ይታገላል። የበረታው ዓረፍተ ነገሩን ያቆማል፤ ደብዳቤውን የሚቀበለውን ሰው ግን ይረሳዋል። ያ ሰው ማን ነው? ስንት ደብዳቤ ይደርሰዋል? እኔን ያውቀኛል ወይስ አያውቀኝም? የምጠይቀው ነገር ምን ያህል ያደክመዋል? እነዚህን ሳይመልስ ያማሩ ሐረጎችን ይደረድራል። ድርሰት ሲሆን ምንም አይደለም፣ የድርሰት አንባቢ ፊቱ አይታይም። ደብዳቤ ግን ለአንድ ሰው ነው የሚጻፈው።

እኛ የራሳችን የደብዳቤ ሥርዓት አለን። ለዘመድ ሲጻፍ «ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? እኔ ከናፍቆትህ በስተቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ» ተብሎ ይጀመርና፣ የቤተሰቡ ጤንነት፣ የክረምቱ ነገር፣ የጎረቤቱ ሰላምታ በየተራ ከገባ በኋላ ዋናው ጉዳይ መጨረሻው አካባቢ ብቅ ይላል። ለመሥሪያ ቤት ሲሆን ደግሞ «ጉዳዩ፦» ይባልና «ከላይ በርዕሱ እንደተጠቀሰው» ተብሎ ይቀጥላል፣ «እንዲደረግልኝ ስል በታላቅ ትህትና እጠይቃለሁ» ተብሎ «ከሰላምታ ጋር» ይዘጋል። ሁለቱም ያማሩ ሥርዓቶች ናቸው፤ በአማርኛ ስትጽፊ እንዳትተያቸው። እንግሊዝኛው ግን ትህትናውን የሚያኖረው ሌላ ቦታ ነው፣ አንቺም የተደናገርሽው የእኛን ትህትና በእንግሊዝኛ ቃላት ስላሰፈርሽው ነው።

ልዩነቱን እንዲህ ተረጂው። እኛ የከበደ ነገር ስንለምን ሰውየው እምቢ እንዳይለን አጥብቀን እንይዘዋለን። «ስለ እናትህ» እንላለን፣ «ስለ ወላዲተ አምላክ» እንላለን፣ «ከአንተ ሌላ ማን አለኝ» እንላለን። ልመናው በጠበቀ ቁጥር መተማመኑም የጠበቀ መሆኑን እናሳያለን። በእንግሊዝኛ ሥርዓት ግን አክባሪ ጸሐፊ የሚባለው ለአንባቢው መውጫ የሚተው ነው። ጉዳዩን ከፊት ለፊት ያስቀምጣል፣ የሚጠይቀውን በግልጽ ይጠይቃል፣ ከዚያ «ባይመችዎ እረዳለሁ» ብሎ በሩን ገርበብ አድርጎ ይተወዋል። አንባቢው እምቢ ማለት ሳያሳፍረው ሲቀር እሺ ለማለትም ይቀለዋል። ይህን አንድ ነገር ከያዝሽ ሌላው ሁሉ በራሱ ይከተላል፤ የዓረፍተ ነገሩ ርዝመትም፣ የግሱ ቅርጽም፣ የመዝጊያው ቃልም።

ለመምህሩ የጻፍሽውን እንየው። በመጀመሪያው አንቀጽ ስለ ጤንነታቸው፣ ስለ ቤተሰባቸውና ስለ ሥራቸው መልካም ምኞት አለ። በሁለተኛው ስለ ልጅነትሽና ስለ ትምህርት ፍቅርሽ ተርከሻል። የድጋፍ ደብዳቤ እንዲጽፉልሽ መፈለግሽ የሚታወቀው በአራተኛው አንቀጽ ነው፤ የመጨረሻው ቀን መቼ እንደሆነ ጭራሽ አልተገለጸም። መዝጊያው ላይ ደግሞ እንደማያሳፍሩሽ እርግጠኛ ነኝ ብለሻል። በእኛ ቤት ይህ ፍቅር ነው። እሳቸው ግን በስልካቸው ከፍተው ሲያነቡት መጀመሪያ ምን እንደተፈለገ አያውቁም፣ ሲያውቁ ደግሞ መጨረሻው ላይ ተይዘዋል።

አሁን እንዲህ አድርገሽ ጻፊው። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ማን እንደሆንሽ ይንገራቸው፦ የትኛውን ኮርስ፣ በየትኛው ዓመት፣ ምን የሚያስታውሱበት ነገር እንዳለ፤ ለምሳሌ የመመረቂያ ጽሑፍሽ ስለ ምን እንደነበር። ሁለተኛው ጉዳዩን ይናገር፦ ለዚህ ፕሮግራም አመልክቻለሁና የድጋፍ ደብዳቤ ሊጽፉልኝ ይችሉ ይሆን? ሦስተኛው ቀኑን ይናገር፣ ደብዳቤው በማን በኩል እንደሚገባም ጭምር። ከዚያ የትምህርት ማስረጃሽንና ሲቪሽን ማያያዝሽን ጥቀሺ፤ ይህ ድካማቸውን ይቀንሳል። ከዚያ መውጫውን ተዪ፦ በዚህ ወቅት ሥራ ቢበዛብዎ በሚገባ እረዳለሁ። ምስጋና፣ ስም፣ አለቀ። መቶ ሃያ ቃል ይበቃዋል። የልጅነት ታሪክሽ ጠፋ ብለሽ እንዳታዝኚ፤ እሱ ቦታው ለፕሮግራሙ በምትጽፊው የማመልከቻ ድርሰት ውስጥ ነው።

እንግሊዝኛ «እርስዎ» የለውም። አንተም አንቺም አንቱም በአንድ «ዩ» ነው የሚጠሩት። ታዲያ አክብሮቱ የት ሄደ? ወደ ግሱ ነው የሄደው። «ካን ዩ» ብሎ ለወንድም ይጠየቃል፣ «ኩድ ዩ» ትንሽ ራቅ ይላል፣ «አይ ዉድ ቢ ግሬትፉል ኢፍ ዩ ኩድ» ደግሞ ለማታውቂው ባለሥልጣን ይሆናል። «አይ ዋዝ ዎንደሪንግ ኢፍ» ሲሉ ኃላፊ ጊዜ የተጠቀሙት ነገሩ አልፎ አይደለም፤ ጥያቄውን ከሰውየው ፊት ትንሽ ወደ ኋላ ሳብ ለማድረግ ነው። መጽሐፍ ይህን ስለ ግስ ጊዜ በሚያወራበት ምዕራፍ ብዙም አይነግርሽም። ግን ተጠንቀቂ፣ ርቀት ሁልጊዜ አክብሮት አይሆንም። አብሮ አደግ ጓደኛሽን መጽሐፍ እንድትመልስልሽ ስትጠይቂያት ያን ረጅሙን ሐረግ ብትጽፊላት ተቀይመሻል ብላ ታስባለች።

ስለ ስም ደግሞ አንድ ነገር ልበልሽ፤ ጎበዝ ተማሪዎቼ ሳይቀሩ ሲወድቁበት አይቻለሁ። እኛ አቶና ወይዘሮን ከሰውየው ከራሱ ስም ጋር ነው የምናያይዘው። ስለዚህ «ዲር ሚስተር ጆን» ብለን እንጽፋለን፤ ለእነሱ ግን ማዕረግ የሚሄደው ከቤተሰብ ስም ጋር ነው። መምህርሽንም ዶክተር ብለሽ የመጀመሪያ ስማቸውን አስከትለሻል። በተገላቢጦሽ አንቺን በአባትሽ ስም «ሚስ» ብለው ቢጠሩሽ አትደነቂ፤ ከፈለግሽ በአገራችን የሚጠራው የራሴ ስም ነው ብለሽ በአንድ መስመር ማስረዳት ትችያለሽ። ስሙን የማታውቂው ሰው ከሆነ በእንግሊዞቹ ልማድ «ዲር ሰር ኦር ማዳም» ብለሽ ጀምረሽ «ዩርስ ፌይዝፉሊ» ብለሽ ትዘጊያለሽ፤ ስሙን ጠርተሽ ከጀመርሽ «ዩርስ ሲንሲርሊ» ነው። አሜሪካኖቹ ይህን ጥንድ አይጠብቁም፤ «ሲንሲርሊ» ይበቃቸዋል።

ቀኑንም አትርሺ። ኮርሱን በ2015 ዓ.ም. ወስደሽ 2015 ብለሽ ብቻ ብትጽፊ፣ መምህሩ ገና በልጅነትሽ ዩኒቨርሲቲ እንደገባሽ ያስባሉ፤ በእነሱ አቆጣጠር ከመስከረም 2022 እስከ መስከረም 2023 ያለው ጊዜ ነውና ለውጠሽ ጻፊው። ወሩን በቁጥር ሳይሆን በስሙ ጻፊ፤ 03/07 ለእንግሊዙ የጁላይ፣ ለአሜሪካዊው የማርች ወር ነው። በኢንተርኔት እንነጋገር ካልሽም ሰዓቱን በእነሱ አቆጣጠር ስጪ። የእኛ ጠዋት ሦስት ሰዓት የእነሱ ዘጠኝ ነው፣ ለንደን ደግሞ በክረምታቸው ከእኛ ሦስት ሰዓት፣ በበጋቸው ሁለት ሰዓት ወደ ኋላ ትቀራለች።

ልምምዱ ላይ ልምጣ። የሞዴል ደብዳቤ መጽሐፍ መሸምደድ አልመክርሽም፣ ነገሩ ግን አዲስ አይደለም። በ18ኛው ክፍለ ዘመን የለንደኑ አታሚ ሳሙኤል ሪቻርድሰን ደብዳቤ መጻፍ ለማይችሉ ሰዎች የናሙና ደብዳቤዎች መጽሐፍ እንዲያዘጋጅ ተጠይቆ ሲጽፍ፣ በቤት ሠራተኝነት የገቡ ልጃገረዶችን የሚመክሩ ደብዳቤዎች ሐሳብ ይዞት ሄደና በ1740 እ.ኤ.አ. «ፓሜላ» የተባለውን ልብ ወለድ አወጣ። የናሙናው መጽሐፍ በማግስቱ ዓመት ታተመ። ይህን የማነሣልሽ ለታሪኩ ብቻ አይደለም። ሪቻርድሰን ናሙናዎቹን ሲጽፍ በእያንዳንዱ ውስጥ ሰው ነበረ፦ ልጇን የምትመክር እናት፣ ዕዳውን የሚያራዝም ባለዕዳ፣ የጋብቻ ጥያቄ የምትመልስ ልጃገረድ። አንቺም ስትለማመጂ «ፎርማል ሌተር» ብለሽ አትቀመጪ፤ አንድ ሰው አስቀምጪ። ስም ስጪው፣ ሥራ ስጪው፣ ዛሬ ጠዋት ምን እንዳበሳጨው እወቂ፣ ከዚያ ጻፊለት።

የማስነብብሽ መጽሐፍ አለኝ፤ እንድትገዢው ወይ ተውሰሽ እንድታነቢው እፈልጋለሁ። የኒው ዮርኳ ጸሐፊ ሄሊን ሃንፍ በ1970 እ.ኤ.አ. ያሳተመችው «84፣ ቻሪንግ ክሮስ ሮድ» ነው። ሄሊን ገንዘብ የሌላት ግን አሮጌ መጻሕፍት የምትወድ ሴት ነበረች። በ1949 የአንድ የለንደን መጽሐፍ መደብር ማስታወቂያ አይታ ዝርዝር ላከች። ከመደብሩ የመለሰላት ፍራንክ ዶኤል የሚባል ሠራተኛ ነው። እሷ ትቀልዳለች፣ ትጮኻለች፣ ትቆጣለች፤ እሱ «ዲር ማዳም» እያለ በልኩ ይመልሳል። በእንግሊዝ ምግብ ገና በራሽን እንደሚከፋፈል ስትሰማ ለመደብሩ ሠራተኞች የምግብ እሽግ መላክ ጀመረች። ደብዳቤዎቹ እየሞቁ ሄዱ፣ እሱ ግን ለረጅም ጊዜ «ሚስ ሃንፍ» ማለቱን አልተወም። በ1952 ምክንያቱን ጻፈላት፦ የደብዳቤዎቹ ቅጂ በቢሮው ፋይል ስለሚቀመጥ ነው መደበኛውን አጠራር የያዘው እንጂ ራሱን ስለሚያርቅ አልነበረም። ከዚያ በኋላ በስሟ ይጠራት ጀመር።

እዚህ ቦታ ላይ ስትደርሺ ቆም በዪ። እስከዚያች ገጽ ድረስ ፍራንክ ቀዝቃዛ ሰው ይመስል ነበር። አንባቢው አንድ እሷ ብቻ እንዳልነበረች፣ ፋይሉን የሚከፍት ሌላ ዓይን እንዳለ ሲናገር ግን ደብዳቤዎቹን ወደ ኋላ ተመልሰሽ በሌላ ጆሮ ታነቢያቸዋለሽ። የአንቺም ኢሜይል እንዲሁ ነው፤ ለአንድ ሰው ትልኪዋለሽ፣ እሱ ለኮሚቴ ያስተላልፈዋል። ሁለቱ በአካል ሳይገናኙ ፍራንክ በ1968 መጨረሻ አረፈ። መጽሐፉ አጭር ነው፣ በአንድ ቅዳሜ ይነበባል። ስታነቢው እርሳስ ያዢና አጠራሩ፣ መዝጊያው፣ ቀልዱ የተለወጠበትን ደብዳቤ ሁሉ ምልክት አድርጊበት። ርቀት እንዴት እንደሚጠብና ማን መጀመሪያ እርምጃውን እንደወሰደ ከየትኛውም የሰዋስው መጽሐፍ የተሻለ ያሳይሻል።

ለልምምዱ መንገድ ደግሞ ከቤንጃሚን ፍራንክሊን የተሻለ አስተማሪ አላውቅልሽም። በቦስተን በማተሚያ ቤት የሚሠራ ወጣት ሳለ «ዘ ስፔክቴተር» የተባለውን የእንግሊዝ መጽሔት ጽሑፎች ያነብ ነበር። የእያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር ሐሳብ በአጭሩ ማስታወሻ ይይዛል፣ ጥቂት ቀናት ያሳልፋል፣ ከዚያ መጽሔቱን ሳያይ ጽሑፉን በራሱ ቃል መልሶ ይገነባል፣ በመጨረሻም ከዋናው ጋር አስተያይቶ ስህተቱን ያርማል። አንዳንዴም ማስታወሻዎቹን ሆን ብሎ አደባልቆ ቅደም ተከተሉን መልሶ ለማግኘት ይጥራል። ይህን በግለ ታሪኩ ጽፎታል። አንቺም የፍራንክ ዶኤልን አንድ ደብዳቤ ውሰጂና እንዲሁ አድርጊ፣ ማስታወሻውን ግን በአማርኛ ያዢ። ከሦስት ቀን በኋላ ከአማርኛው ወደ እንግሊዝኛ ስትመልሺው የአማርኛ ልማድሽ የት ላይ ጣልቃ እንደሚገባ በዓይንሽ ታይዋለሽ። ቅደም ተከተሉን የማደባለቁን ሥራ በተለይ አትዝለይ፤ ጉዳዩን ወደ ፊት ማምጣት የምትለምጂው በዚያ ነው።

ሌላው ልምምድ አንድን ጉዳይ ለሦስት ሰው መጻፍ ነው። የተከራየሽው ክፍል ማሞቂያ ተበላሽቷል እንበል፤ ውጭ ለትምህርት ስትሄጂ የሚገጥምሽ ነገር ነው። ለክፍል ጓደኛሽ ጻፊ፣ በደግነት ለምታስተናግድሽ አከራይ ጻፊ፣ ሁለት ጊዜ ነግረሻቸው ላልመለሱ የኪራይ ድርጅት ጻፊ። በሦስተኛው ላይ ቁጣሽ አይውጣ። መቼ እንደተበላሸ፣ መቼ እንደተናገርሽ፣ ማን እንደመለሰልሽ፣ ምን እንዲደረግ እንደምትፈልጊና እስከ መቼ፣ ይህን ብቻ ጻፊ። ቀን ያለው ደብዳቤ ከቅጽል የበለጠ ያስፈራል። ስለ ቁጣ ካነሣን፣ የመዝገበ ቃላት አዘጋጁ ሳሙኤል ጆንሰን በፌብሩዋሪ 7 ቀን 1755 ለሎርድ ቼስተርፊልድ የጻፈውን ፈልገሽ አንብቢ። ባለጸጋው ሎርድ የጆንሰን መዝገበ ቃላት ሲዘጋጅ ዞር ብሎ ሳያየው ቆይቶ፣ ሊያልቅ ሲል በጋዜጣ ላይ አሞካሸው፤ ጆንሰንም ውለታውን እንደማይፈልግ ነገረው። ደብዳቤው ውስጥ አንድም ስድብ የለም፣ መዝጊያውም በዘመኑ ወግ «ትሑት አገልጋይዎ» የሚል ነው።

የእንግሊዝኛ ፈተናው የደብዳቤ ክፍል ወንድምሽን የሚመለከት ነው፣ አንቺን ያን ያህል አይመለከትም። አንቺ ለትምህርት የምትወስጂው የአይኤልትስ አካዳሚክ ደብዳቤ የለበትም፤ እሱ ለካናዳ የሚወስደው ጄነራል ትሬኒንግ ግን የጽሑፉ የመጀመሪያ ክፍል ደብዳቤ ነው። ከ150 ቃል ያላነሰ ይጻፋል፣ ከስድሳው ደቂቃ ሃያውን ስጡት ይባላል፣ ጥያቄው ውስጥም ሦስት መነካት ያለባቸው ነጥቦች ይሰጣሉ። ሁለተኛው ክፍል ድርሰቱ ድርብ ክብደት ስላለው ደብዳቤው ላይ ሠላሳ ደቂቃ እንዳይፈጅ ንገሪው። አድራሻ መጻፍ አያስፈልገውም። ሦስቱን ነጥቦች ሁሉ ይንካ፣ ለጓደኛ ከተባለ እንደ ጓደኛ ይጻፍ። አንቺ ወደ ፊት የካምብሪጁን ሲ 1 አድቫንስድ ብትወስጂ ግን በዘጠና ደቂቃ ሁለት ጽሑፍ፣ እያንዳንዱ ከ220 እስከ 260 ቃል ትጽፊያለሽ፤ ሁለተኛውን ስትመርጪ ከአማራጮቹ አንዱ ደብዳቤ ሊሆን ይችላል።

ጽሑፍ የሚጽፈውን የሰው ሠራሽ አስተውሎት ማሽን ልጠቀም ወይ ብለሽኛል። ተጠቀሚ፣ ግን መጀመሪያ ራስሽ ጽፈሽ ጨርሺ። ከዚያ ደብዳቤውን ስጪውና «ይህን የሚቀበለው ሰው ምን የሚሰማው ይመስልሃል? የትኛው ዓረፍተ ነገር ያስጨንቀዋል?» ብለሽ ጠይቂው። ጻፍልኝ አትበዪው። የሚጽፍልሽ ለማንም የሚሆን ደብዳቤ ነው፣ አንቺ ደግሞ ከዚህ በሽታ ነው ልትድኚ የምትሞክሪው።

አንድ ነገር ከልቤ ላሳስብሽ። ደብዳቤ ሲደርስሽ መድረሱን አሳውቂ፤ መልሱ ገና ቢሆንም እንኳ «ደርሶኛል፣ በዚህ ቀን እመልሳለሁ» ብለሽ ሁለት መስመር ላኪ። የዚህን ክብደት ከእኛ በላይ የሚያውቅ የለም። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1862 እ.ኤ.አ. ለንግሥት ቪክቶሪያ የጻፉት ደብዳቤ በእንግሊዙ ቆንስል ካሜሮን በኩል ተልኮ በሚቀጥለው ዓመት ለንደን ደረሰ፣ በውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ ውስጥ ግን ያለ መልስ ተቀመጠ። ንጉሡ ጠብቀው ጠብቀው ቆንስሉንና ሌሎች አውሮፓውያንን አሰሩ፣ ነገሩም በሚያዝያ 1868 በመቅደላ ተቋጨ። ሌሎች ምክንያቶችም ነበሩበት፤ ግን ደርሶናል የምትል አንዲት ወረቀት በጊዜው ብትላክ ብዬ ዛሬም ይቆጨኛል።

እንግዲህ የመምህሩን ደብዳቤ አስቀድሚ፣ የማመልከቻው ቀን እየደረሰ ነው። ነገ ጽፈሽ ላኪልኝ፣ ምሽት አይቼ እመልስልሻለሁ። ስማቸውን አስተካክዪ፣ ዓመቱን ለውጪ፣ ሲቪሽን አያይዢ፣ መውጫውን ተዪላቸው። እሺ ካሉሽ በዚያው ቀን አመስግኚያቸው፤ ውጤቱ ሲወጣ ደግሞ ተቀበሉሽም አልተቀበሉሽም ጽፈሽ አሳውቂያቸው፣ ብዙ ተማሪ ይህን ይረሳል። እምቢ ካሉሽም በዚያው ቀን በሁለት መስመር አመስግኚያቸው፤ ለምን ብለሽ አትጠይቂ፣ ሌላ ጊዜስ ብለሽ አታግደርድሪያቸው። ከዚያ የመመረቂያ ጽሑፍሽን ለፈተኑት ለሁለተኛዋ መምህርት ጻፊ።